የእትዬ ዘነበች እልልታ

ባለፈው ሳምንት ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሃውቶርን ካለ አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ ቲማቲም ስመርጥ፣ እትዬ ዘነበች ከጣሪያው ላይ እልል አሉ። ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። እጄ ላይ የነበረውን ቲማቲም ሳላስበው ጨምቄ አፈረጥኩት። አጠገቤ ሽንኩርት የሚደረድረው ልጅ ምንም አልመሰለውም፤ ጭንቅላቱን በምቱ እየነቀነቀ ሥራውን ቀጠለ። «እኚህ ሴትዮ እኮ እልል የሚሉት ለኔ ነው» ብዬ ብነግረው ጥበቃ ይጠራብኝ ነበር። እውነቱ ግን እሱ ነው።

ዘፈኑ የማሪሶል ነው። ማሪሶል በእስፓኒሽና በእንግሊዝኛ እያፈራረቀች የምትዘፍን፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በተደረደረበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያደገች ልጅ ናት። የአልበሟ ርዕስ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «ማን ተቀበለሽ?» እንደማለት ነው። የርዕሱ ዘፈን ሲጀምር መጀመሪያ የሻንጣ ጎማ ወለል ላይ ሲንኳኳ ይሰማል። ቀጥሎ አንዲት ሴት ዕቃችሁን ጠብቁ ብላ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በእስፓኒሽ ታስጠነቅቃለች። ጊታሩ ሳይገባ እልልታው ይመጣል። ብዙ ሰው የኮምፒዩተር ድምፅ ይመስለዋል። እኔ ግን የት ቆመው፣ ምን ለብሰው፣ ለምን መነጽራቸውን ሳያደርጉ እንዳወጡት አውቃለሁ። እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሴትዮዋን እወቋቸው።

እትዬ ዘነበች ፌርፋክስ ላይ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ነጠላና ጧፍ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። አጠር ደልደል ያሉ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ሰው ሲገባ «እንደምን ዋልክ» አይሉም። ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ «ምን ተገኘ?» ነው የሚሉት። ያልለመደ ሰው ይደነግጣል፤ ዕቃ የተሰረቀ ይመስለዋል። የለመደው ደግሞ በርበሬ ባይፈልግም የሚነግራቸው ነገር ሲኖረው ጎራ ይላል። «እትዬ፣ ግሪን ካርዴ መጣ።» «እትዬ፣ ሚስቴ በሰላም ተገላገለች።» ያን ጊዜ ከባንኮኒው ኋላ ይወጡና በሩ ላይ ይቆማሉ። አገጫቸውን ቀና፣ ቀኝ እጃቸውን አፋቸው ዳር አድርገው ያቀልጡታል። ከማዶ ካሉት ምግብ ቤቶች ሴቶቹ ድስታቸውን ትተው ይመልሱላቸዋል። ምን እንደተገኘ እንኳ አያውቁም፤ እልልታ ግን ብቻውን አይተውም።

አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና ደጋግሞ ወድቆ፣ በመጨረሻ ሲያልፍ እልል አሉለት። ሰውየው የምስር ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

«ምን ሆንክ?» አሉት።

«ለኔ እልል ተብሎልኝ አያውቅም እኮ፣ እትዬ።»

«ስትወለድስ?»

«ተብሎ ይሆናል። አልሰማሁማ።»

ይህን ታሪክ ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይስቁና፣ ሳቃቸው ሳያልቅ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

አንድ ነገር ግን አይሆንላቸውም፤ በትእዛዝ እልል ማለት። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታውን አቅልጠው እንደጨረሱ፣ ቪዲዮ አንሺው እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ሶሪ፣ ካሜራው ኦን አልነበረም። አንዴ ይድገሙልኝ» አላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ «ሙሽራውን ድጋሚ አግባ በለው፣ እደግማለሁ» አሉ። ልጁ ሲቀልዱ መስሎት ካሜራውን ደግኖ ቆሞ ቀረ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል» ይሉኝ ነበር። «እልልታም እንደዚያው ነው። ያለ ነገር ካወጣሁት ጉሮሮ መጥረግ ነው።»

ማሪሶል በዚህ እልልታ ነው ያደገችው። እናቷ ሉፔ ከሱቁ አጠገብ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች፤ የሉፔን ጎመን የበላ ሰው ወይ የጎንደር ወይ የመንዝ ሴት የሠራችው ይመስለዋል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ከወጥ ቤት እስክትወጣ እትዬ ዘነበች ሱቅ ትውላለች። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት፣ እስፓኒሹን ከቤት፣ «ነይ»፣ «ተይ»፣ «አርፈሽ ተቀመጪ» የሚሉትን ደግሞ ከእትዬ ዘነበች ተማረች። «ኤቲዬ» ብላ ነው የምትጠራቸው። በትምህርት ቤቷ የመዘምራን ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ብቻዋን የዘፈነች ቀን፣ አዳራሹ ውስጥ ፈረንጁ ሁሉ በጨዋ ደንብ ሲያጨበጭብ፣ ከኋላ ወንበር እልልታ ተነሣና ርዕሰ መምህሯ የእሳት አደጋ ደወል መስሏት ብድግ አለች አሉ።

እንግዲህ ማሪሶል አድጋ፣ ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ አግኝታ፣ ይህን አልበም ስትሠራ እልልታው ትዝ አላት። እኔ ያኔ ገና አልመጣሁም፤ ሁለቱም በየፊናቸው እንደነገሩኝ ነው። የርዕሱ ዘፈን ስለ ሉፔ ነበር። ሉፔ ሎስ አንጀለስ የገባች ቀን አውቶብስ ጣቢያ የጠበቃት ሰው አልነበረም። ጎህ እስኪቀድ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ፣ በእግሯ ሥራ ፍለጋ ሄደች። ማሪሶል ዘፈኑ ላይ እናቷን በእልልታ ልትቀበላት አሰበች።

ሃውቶርን ወዳለው ስቱዲዮ ወሰደቻቸው። የጆሮ ማዳመጫውን ከሻሻቸው በላይ አድርገው ማይኩ ፊት አቆሟቸው። ፕሮዲዩሰሩ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ በጣቱ ቆጥሮ ምልክት ሰጣቸው። እትዬ ዘነበች ፊታቸውን አዞሩ።

«ማሪሶል፣ ምን ተገኘ?» አሉ።

«ምንም አልተገኘም፣ ኤቲዬ። ሶንግ ነው። የማሚ ሶንግ።»

«ሉፔ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሥራ ላይ ናት።»

«ታዲያ ለምኑ ነው?»

ማሪሶል የአውቶብስ ጣቢያውን ታሪክ ነገረቻቸው። በጥሞና ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሉፔን እወዳታለሁ፣ ታውቂያለሽ። የመጣች ቀን ብኖር ጣቢያውን በእልልታ አቀልጠው ነበር። ግን አልነበርኩም። ያላየሁትን ዛሬ እዚህ ሣጥን ውስጥ ቆሜ እልል ብል፣ እናትሽ ላይ መቀለድ ይሆንብኛል።»

ፕሮዲዩሰሩ ችግር የለም ብሎ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለ የድምፅ ክምችት የሌላ ሴት እልልታ አወጣና አሰማቸው። ጥሩ እልልታ ነው አሉ እትዬ ዘነበች፤ ከዚያ «ይቺ ሴት ምን አግኝታ ነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አያውቅም። «የማን አገር ናት?» እሱንም አያውቁም። «አይ፣ ያሳዝናል» ብለው ማዳመጫውን አውልቀው ወጡ። ማሪሶል ያንን እልልታ ዘፈኑ ላይ ልታስገባው ሞከረች፤ ባዳመጠችው ቁጥር ግን የኤቲዬ ጥያቄ ይመጣባታል። አወጣችው።

ወደ ፌርፋክስ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ነው እትዬ ዘነበች ቃል የገቡላት። ሰላም የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ በልጅነቷ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ትተዋት ነበር የመጡት፤ የመግቢያ ወረቀቷ ዛሬ ነገ ሲባል ጎረምሳ የሚያስቸግራት ልጅ ሆነች። «የኔዋ ልጅ የምትመጣ ቀን፣ ኤርፖርት አብረሽኝ ነይ። ያን ቀን የሚወጣውን ውሰጂ» አሏት። ማሪሶል በዘፈኑ መግቢያ ላይ ባዶ ቦታ ትታ ጠበቀች። ኩባንያው ጮኸ፣ ፕሮዲዩሰሩ አኮረፈ። ሌሎቹ ዘፈኖች ሁሉ አልቀው፣ አልበሙ የሰላምን ቪዛ ሲጠብቅ ከረመ።

ቪዛው ወጣ። እናት ልጃቸውን በፎቶ ቢያውቋትም ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅላ ስትወጣ እንዳትጠፋቸው ፈርተው፣ ቢጫ ሹራብ በሰው ላኩላት። ይህን ለብሰሽ ውጪ አሏት። በዕለቱ ደግሞ መነጽራቸውን ሱቅ ውስጥ ትተው ሄዱ። ልጄ አርጅቼ እንዳታየኝ ነው ምክንያቱ። ማሪሶል አንድ ትንሽ መቅጃ፣ ጫፉ ላይ የድመት ልጅ የሚመስል ጠጉራም ማይክ ያለው፣ ይዛ አጠገባቸው ቆመች።

በዚያው አውሮፕላን እኔ ነበርኩ። ትርሲት እባላለሁ፤ ዲቪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት። ከፊት ስለተቀመጥኩ ከሰልፉ ቀድሜ አለፍኩ። ይቀበልሻል የተባልኩት የሰፈራችን ሰው ከመነሣቴ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ስልክ ማንሣት ትቷል። የመግቢያ ወረቀቶቼን የያዘውን ቡናማ ፖስታዬን ደረቴ ላይ ታቅፌ፣ ማን ጋ እንደምሄድ ሳላውቅ፣ መውጫውን ይዤ ስወጣ የለበስኩት አክስቴ ከቦንዳ መርጣ የገዛችልኝ ቢጫ ሹራብ ነበር።

ያ እልልታ መጣ።

መጀመሪያ ወደ ኋላዬ ነው የዞርኩት፤ ሙሽራ ተከትላኝ የምትወጣ መስሎኝ። ከኋላዬ ያለው አንድ ወፍራም ፈረንጅ ብቻ ነበር። ሰው ሊቀበሉ የመጡ ሌሎች ያገሬ ሴቶች ከዚህም ከዚያም ተቀበሉት፣ ጣሪያው አስተጋባ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ስልካቸውን እያወጡ ይቀርጹኝ ጀመር። አንዲት አጭር ሴት እጃቸውን ዘርግተው እየሮጡ መጥተው አቀፉኝ። አንገቴ ሥር ገብተው አሸተቱኝ። እውነቱን ልናገር፣ የኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንደሚሉት ሆኜ ግን አልተላቀቅኩም። ደክሞኝ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፣ ሰውነታቸው ይሞቃል።

እሳቸው ናቸው ገፋ አድርገው ያዩኝ። ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ።

«አንቺ… ማነሽ?»

«ትርሲት ነኝ፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሰላም አይደለሽም?»

«አይደለሁም።»

ክንዴን አልለቀቁም። ሹራቡን አዩት፣ ፖስታዬን አዩት፣ ከኋላዬ ማንም እንዳልመጣ አዩ። «ማን ይቀበልሻል?» አሉኝ። ሰው ነበረኝ፣ ስልኩ አይነሣም አልኳቸው። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ብለው ለራሳቸው ሳቁ። «ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ። የኔዋ እስክትወጣ አብረን እንጠብቃለን።»

ሰላም የወጣችው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፤ የወረቀት ማጣሪያው ሰልፍ መጨረሻ ላይ ነበረች። ሹራቡ ሞቋት ወገቧ ላይ አስራዋለች። እናቷ ብድግ አሉ። አገጫቸውን ቀና አደረጉ፣ እጃቸውን አፋቸው ዳር ወሰዱ። ምንም አልወጣም። አፋቸው ተከፍቶ፣ ከንፈራቸው ተንቀጥቅጦ፣ ድምፅ የለም። ከዚያ ልጅቷ ናት ሮጣ የደረሰችላቸው። ተቃቅፈው አለቀሱ። ማሪሶል ማይኳን ዘርግታ እንደያዘች፣ ቅጂውን ትታ አብራ ስትነፈርቅ አየኋት። ሰላም ከእናቷ ትከሻ ላይ ቀና ስትል፣ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ በቢጫ ሹራቤ፣ የእናቷን ቦርሳ ይዤ።

«ይቺ ማናት?» አለች።

እናቷ የሁለታችንንም እጅ ይዘው ወደ መኪናው ወሰዱን። ማሪሶል ድራይቭ እያደረገች ወደ ፌርፋክስ ስንሄድ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ ይዤ፣ መተንፈስ ሁሉ አሳፍሮኝ ነበር።

ለአንድ ቀን ብዬ ገብቼ፣ ከሰላም ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ ዓመታት ኖርኩ። የሰፈሩ ሰው «የእልልታዋ ልጅ» አለኝ። እትዬ ዘነበች፣ እንዴት የማያውቋትን ሰው ቤት ያስገባሉ ለሚሏቸው «ሴት ልጅ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት፣ ሁለት ሰጠኝ። አንዷን ብመልስበት አይቆጣም?» ይሉ ነበር። ሱቅ ውስጥ አብሬያቸው ሠራሁ። ገና ከስሜ በቀር ምንም ሳያውቁ፣ ለሰው ሁሉ «ልጄ ናት» ብለው ሲያስተዋውቁኝ ሰላም ዕቃ ለማስተካከል ጀርባዋን ትሰጣለች።

ሰላም ክፉ አይደለችም። ምግብ ትቆጥብልኛለች፣ ልብስ ታውሰኛለች፣ ትኩሳት ሲይዘኝ አድራ ጠብቃኛለች። ስለዚያ ቀን ብቻ አይወራም።

ማሪሶል ቅጂውን ይዛ ሱቅ የመጣች ቀን ነው ነገሩ የወጣው። አሰማችን። የሻንጣው ጎማ፣ በሁለት ቋንቋ የምትናገረዋ ሴት፣ ከዚያ እልልታው። ፕሮዲዩሰሩ ጫጫታውን አጥቦ አውጥቶት ነበር፤ እሷ መልሳ አስገባችው። «እናቴም የመጣች ቀን አውቶብስ ጣቢያ የሰማችው እንዲህ በሁለት ቋንቋ የሚነገር ነገር ነበር» አለች። ኩባንያው ወዶታል፣ እሺታ ብቻ ነው የቀረው።

«ኤቲዬ፣ ኦኬ ነው? ልጠቀምበት?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ በርበሬ እየመዘኑ። «እኔ ሰጥቻለሁ። የተቀበለችውን ጠይቂ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሰላምም። «የሰላም ነው እንጂ የኔ አይደለም» አልኩ።

ሰላም ቀስ ብላ የያዘችውን የጧፍ እሽግ አስቀመጠች። «የኔ ቢሆን ኖሮ እሰማው ነበር» አለች። «እኔ ውስጥ ወረቀት ይዤ ሰልፍ ላይ ቆሜ እልልታ ሰማሁ እኮ። ግድግዳውን አልፎ መጣ። የማን ዕድለኛ ናት ብያለሁ። ወጥቼ ሳየው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ለማሪሶል «ተጠቀሚበት። ያምራል» ብላት ወደ ጓዳ ገባች። እትዬ ዘነበች ሚዛኑን ትተው ተከተሏት። መጋረጃው ኋላ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሲወጡ ግን የሁለቱም ዓይን ቀልቶ ነበር።

አልበሙ ወጣ። እናንተ የምትሰሙት ያ ነው። ፌርፋክስ ላይ በየሱቁ ሲከፈት ከረመ፤ ሉፔ ወጥ ቤት ውስጥ ደጋግማ ከፍታ እልልታው ጋ ስትደርስ ጭልፋዋን ታነሣለች። ሰላም ብቻ ዘፈኑ መኪና ውስጥ ሲመጣ ጣቢያ ትቀይራለች። እናቷ ከዚያ ወዲህ ለሷ እልል ያላሉበት ነገር የለም፤ ለመንጃ ፈቃዷ፣ ለነርስነት ፈተናዋ፣ አንዴ ጥርሷን ተነቅላ በሰላም ስትመለስ ሳይቀር። «እማዬ፣ በቃ እንጂ» እያለች ትስቃለች። ማታ መኝታ ላይ ግን አንድ ቀን «የመምጫው ሌላ ነው፣ ትርሲት» አለችኝ። «እልልታ ያልሰማ እግር ገብቶም ደጅ የቆመ ይመስለዋል።»

እትዬ ዘነበች ሲታመሙ ቀድሞ የሄደው ድምፃቸው ነው። ጉሮሯቸው ላይ ያበጠ ነገር ተገኘባቸውና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሹክሹክታ ብቻ ቀረላቸው። ሱቅ መምጣት ግን አልተዉም። ሰው ገብቶ የምሥራች ሲነግራቸው ወደኔ ይጠቁማሉ። መጀመሪያ ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ያወጣሁት እልልታ እኔንም አሳፈረኝ። ዞር ብዬ አየኋቸው። እንድጠጋ በጣታቸው ጠሩኝና ጆሮዬ ላይ «የተረገጠች ዶሮ ይመስላል» አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው «ግን ከአንጀትሽ ነው። እሱን አትልቀቂ» አሉ።

የመጨረሻ ሰሞናቸው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ፀጉራቸውን ስሠራላቸው፣ ሰላም ሥራ ላይ ነበረች። «ያቺ ልጅ ስትመጣ አፌ ያዘኝ» አሉኝ በዚያ በሹክሹክታቸው። «ደስታው በዝቶ ነው። አንቺ ጋ የወጣው ጉጉቱ ነበር፣ እሷ ጋ ደግሞ ሁሉም ባንዴ መጣና በሩ ጠበበው። ነገርኳት። ይገባኛል ትለኛለች። ሆዷ ግን አልገባውም።» ምን ላድርግ አላልኳቸውም፤ እሳቸውም አድርጊ አላሉኝም። ጉንጉኑን ጨርሼ ሻሻቸውን አሰርኩላቸው፣ እንደሚወዱት ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ።

ቀብራቸው እዚሁ ተፈጸመ። ፌርፋክስ ያን ቀን ተዘጋ ማለት ይቻላል። ያ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ።

ሰላም ዓመቱን ሙሉ ከል ለብሳ ቆየች። ለሙት ዓመቱ አዲስ አበባ ሄዳ፣ ካሳደገቻት አክስቷ ጋር ተዝካራቸውን አውጥታ፣ ከሏን እዚያው አውልቃ ልትመለስ ሆነ። ራሴ በታክሲ እመጣለሁ፣ ማንም አይልፋ ብላኝ ነበር። እኔ ግን ማሪሶል ጋ ደወልኩ።

ማሪሶል በመኪናዋ ወሰደችኝ። አሁን ታዋቂ ናትና ኮፍያ ደፍታለች። መኪናውን ፓርክ አድርጋ ስንወርድ «ሪከርደሩ ኋላ ወንበር ላይ አለ፣ ልያዘው?» አለችኝ።

«አትያዢው» አልኳት። «ያኛውን እልልታ ዓለም ሰምቶታል። ይሄ የሷ ብቻ ይሁን።»

እሺ አለች። በአማርኛ ነው ያለችው።

እዚያው መውጫ ጋ ቆምኩ። መነጽሬን አውልቄ ወልውዬ መልሼ አደረግኩ፤ አንድ ስህተት ለአንድ ቤት ይበቃል። ሐዘንተኛ በእልልታ መቀበል ነውር እንዳይሆንብኝም አስብ ነበር። ከሏን አውልቃለች እንጂ እናቷን ቀብራ ገና ዓመቷ ነው። ሰው ምን ይላል? እሷስ ብትቀየመኝ? ልመለስ ሁሉ ዳድቶኝ ነበር፤ ግን እዚያች ወለል ላይ ቆሞ መመለስ አይቻልም።

ሰላም ጋሪዋን እየገፋች ወጣች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፊቷ ደክሟል፣ አንገቷን ደፍታ ስልኳ ላይ ታክሲ ትፈልጋለች። አገጬን ቀና አደረግሁ፣ ቀኝ እጄን አፌ ዳር ወሰድኩ፣ አወጣሁት። የተረገጠች ዶሮ ይሁን አይሁን አላውቅም። ማሪሶል ከጎኔ እንደምንም ብላ ተከተለችኝ። ሰው ሊቀበሉ የቆሙ ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች ምን እንደተገኘ ሳይጠይቁ መለሱልን።

ሰላም ቆመች። ወደ ኋላዋ ዞረች። ልክ እንደኔ። ከዚያ ተመልሳ አየችኝና ጣቷን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኔ?» አለች። አፏን ነው ያየሁት እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ራሴን ነቀነቅሁላት፣ አላቆምኩም። ጋሪውን ለቀቀችው። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አቅቶኝ መጥታ አንገቴ ሥር ገባች።

«አሁን ገባሁ» አለችኝ።

ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ጋሪዋ የሰው መንገድ ሲዘጋ ማሪሶል ናት ሮጣ የያዘችው። ሰላም ፊቷን ስትጠርግ ቀና ብላ ከትከሻዬ በላይ አንድ ነገር አየች። ዞርኩ። አንዲት ቀጭን ልጅ ምሰሶውን ተጠግታ ቆማለች። ቡናማ ፖስታ ደረቷ ላይ ይዛለች። የሰው ድግስ በሩቁ እንደምታይ ሰው ፈገግ ብላ ታየናለች።

ሰላም ለቀቀችኝና ወደሷ ሄደች። «የኔ እኅት፣ ማን ይቀበልሻል?» ስትላት ሰማሁ።

«ይመጣሉ ብለውኛል» አለች ልጅቷ። «እስካሁን…» ብላ ተወችው።

ሰላም እጇን ያዘችና ወደኔ ዞረች። አስተያየቷ ገባኝ።

«እልልታ አይደገምም፤ እናትሽ ናቸው ያሉት» አልኳት።

«ማን ድገሚ አለሽ?» አለችኝ። «ያ የኔ ነው። ይሄ የሷ ነው።»

አገጬን ቀና አደረግሁ።